የቤት ኢንተርኔት በቀወት፦ ዋጋውን በሠራበት ሰዓት ያካፍሉ

ቤቱ ኢንተርኔት ለማስገባት የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ በወር ስንት ነው? ፍጥነቱስ ስንት ነው? አዲስ አበባ ላይ እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ባመዛኙ ይበቃሉ፤ በአማራ ክልል ባለው በቀወት ወረዳ ግን አይበቁም። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ሸዋ ሮቢት መሀል ያለ ቤት፣ እንዲሁም ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ መንዝ ተራሮች ግርጌ ወይም ወደ አፋር ሜዳ በተጠጋ ቀበሌ ያለ ቤት አንድ ዓይነት ጥቅል በአንድ ዋጋ ቢገዙም እኩል አይጠቀሙበትም። አንዱ ቀን ከሌት ሲሠራበት፣ ሌላው ጥቅሉ ሳያልቅ ቀኑ ያልቅበታል። ሁለቱም የከፈሉት ግን ያው ነው።

ስለዚህ ኢንተርኔትን በወር ክፍያው ወይም በተነገረለት ፍጥነት ከመመዘን ይልቅ፣ ክፍያውን በሚያስፈልግዎ ጊዜ በእርግጥ በሠራበት ሰዓት ማካፈል ይሻላል። እንዲህ ሲመዘን ርካሽ የመሰለው ውድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከዚያም በላይ፣ ብዙ ጊዜ መለወጥ ያለበት አገልግሎቱን የሚሸጠው ድርጅት ሳይሆን የመብራቱ ነገር መሆኑ ይገለጣል። ከዚህ በታች ያሉትን ሰባት እርምጃዎች በቅደም ተከተል ይሥሩ፤ አንዱን ዘሎ ወደ ሌላው መሄድ ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ያስከፍላል።

አንደኛ፦ ቤትዎ ምን ያህል እንደሚፈልግ ያስሉ

ፍጥነት የሚነገረው በሜጋ ቢት ነው፤ የፋይል መጠን የሚለካው ግን በሜጋ ባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት በመሆኑ የ4 ሜጋ ቢት መስመር በሰከንድ የሚያወርደው ግማሽ ሜጋ ባይት ብቻ ነው። በዚህ መስመር 700 ሜጋ ባይት የሆነ ፋይል ለማውረድ፣ ሁሉም ነገር ከተስማማ፣ 23 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። የማሾና የሽንኩርት ዋጋ በቴሌግራም የሚከታተልና በቴሌብር የሚከፍል ነጋዴ በወር ጥቂት ጊጋ ባይት ይበቃዋል። በቪዲዮ የሚማር ተማሪ በመካከለኛ ጥራት በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ጊጋ ባይት ይጨርሳል፤ በቀን ሁለት ሰዓት ካየ በወር ከ30 እስከ 60 ጊጋ ባይት መሆኑ ነው። የምስሉ ጥራት ከፍ ከተደረገ መጠኑ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሆናል። በቪዲዮ ስብሰባ የሚሠራ ሰው የሚጨርሰው መጠን ከተማሪው ብዙ አይርቅም፤ እሱ ግን ከመጠኑ ይልቅ የማይቆራረጥ መስመር ያስፈልገዋል። የቤቱን ሰው ሁሉ አጠቃቀም በዚህ መንገድ ደምረው በወረቀት ላይ ያስፍሩ፤ ከጎኑም ኢንተርኔቱ በቀን ውስጥ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት የግድ መሥራት እንዳለበት ይጻፉ። ይህ ሁለተኛው ቁጥር በኋላ ለሚሠራው ሒሳብ መሠረት ነው።

“ፈጣን መስመር ከተገኘ ሁሉም ነገር ይፈታል” የሚል ሰው አይጠፋም። አሳማኝ የሚመስለው ሰዎች ከዘገምተኛ መስመር ጋር ብዙ ስለታገሉ ነው። ነገር ግን አንድ ሰው በመካከለኛ ጥራት ቪዲዮ ሲያይ ሌሎቹ መልእክት ቢላላኩ፣ ከ4 እስከ 6 ሜጋ ቢት ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል። ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ የሚጠፋ የ20 ሜጋ ቢት መስመር፣ በዚያው ሰዓት ከሚሠራ የ4 ሜጋ ቢት መስመር ያንሳል። ከ6 ሜጋ ቢት በላይ ለሆነ ፍጥነት የሚከፈለው ገንዘብ መስመሩ እንዳይቋረጥ ለሚያደርግ ነገር ቢውል የበለጠ ይጠቅማል።

ሁለተኛ፦ በሠፈርዎ በእርግጥ የሚገኘውን ይለዩ

በአገሪቱ ሰፊ ኔትወርክ ዘርግተው ለሕዝብ የሚሸጡት ድርጅቶች ሁለት ናቸው፤ አብዛኛው ድርሻው የመንግሥት የሆነው ኢትዮ ቴሌኮምና በመስከረም 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አገልግሎቱን በይፋ የጀመረው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ። ይሁን እንጂ ጥያቄው “የትኛው ድርጅት?” ከመሆኑ በፊት “ምን ዓይነት መስመር?” መሆን አለበት። አማራጮቹ አራት ናቸው፤ የፋይበር መስመር፣ የመዳብ የስልክ መስመር፣ በሲም ካርድ የሚሠራ የፎር ጂ ራውተር፣ በመጨረሻም ከስልክ በሆትስፖት ማጋራት።

ፋይበር ባለበት ፋይበርን የሚያህል የለም። ምልክቱ የሚሄደው በመስታወት ክር ውስጥ በብርሃን ስለሆነ ርቀት ቶሎ አያዳክመውም፤ ከቴሌኮሙ ጣቢያ እስከ 20 ኪሎ ሜትር ድረስ ይደርሳል። በመካከል ላይ መስመሩን ለየቤቱ የሚያካፍለው ዕቃም ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ይህ ለቀወት ትልቅ ነገር ነው፤ የሠፈሩ መብራት ቢጠፋ እንኳ ጣቢያው የራሱ ኃይል ካለውና የእርስዎ ሞደም በባትሪ ከሠራ መስመሩ አይቋረጥም ማለት ነው። የመዳብ መስመር ጠባዩ ሌላ ነው። ከጣቢያው ወይም ከመንገድ ዳር ሳጥኑ በራቀ መጠን ፍጥነቱ ይወርዳል፤ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ከደረሰ ለኢንተርኔት የሚረባ ነገር አይቀርም። ሳጥኑ ራሱ ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ከሆነም መብራት ሲሄድ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ወደ ሽያጭ ማዕከል ሲሄዱ የቤትዎን ቦታ በትክክል ነግረው ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ መስመሩ ፋይበር ነው መዳብ? ከየት ተነሥቶ ነው የሚመጣው? ባዶ ቦታስ አለው? “ሸዋ ሮቢት ውስጥ አለ” የሚለው መልስ ስለ እርስዎ ቤት ምንም አይናገርም።

ከአስፋልቱ ለራቁት ቀበሌዎች የሚቀረው ባመዛኙ የሲም ካርዱ መንገድ ነው። የፎር ጂ ራውተር ከስልክ ሆትስፖት የሚሻለው ሌት ተቀን ተሰክቶ እንዲሠራ ታስቦ በመሠራቱ፣ አንቴናው በመሻሉ፣ አንዳንዱም የውጭ አንቴና በመቀበሉ ነው። ሆትስፖት ግን ተጨማሪ ዕቃ አያስገዛም፤ በወር ከ10 ጊጋ ባይት በታች ለሚበቃው ቤት ከእርሱ ያለፈ ወጪ አያስፈልግም። ሁለቱም የሚቀዱት ከአንድ የኔትወርክ ማማ እንደሆነ ግን አይርሱ። ማማ እንደ መስኖ ቦይ ነው፤ ከራስጌ ብዙ ሰው ሲከፍት ለግርጌው የሚደርሰው ይቀንሳል፤ ለዚህም ነው ጠዋት የፈጠነው ኔትወርክ ምሽት ላይ የሚንቀረፈፈው።

ሦስተኛ፦ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ሲግናሉን ይለኩ

በስልክዎ ላይ የሚታዩት የሲግናል ዘንጎች ለዚህ ውሳኔ አይበቁም፤ ከስልክ ስልክ ይለያያሉ። በአንድሮይድ ስልክ የቅንብር ገጽ ውስጥ ስለ ስልኩ በሚገልጸው ክፍል፣ የሲም ካርዱን ሁኔታ ሲከፍቱ የሲግናሉ ጥንካሬ በዲቢኤም ተጽፎ ይገኛል። ቁጥሩ የመቀነስ ምልክት አለው፤ ምልክቱን ትተው ሲያነቡት ያነሰው ነው የሚሻለው። በፎር ጂ እስከ 90 ያለው ጥሩ ነው፤ 100 አካባቢ ያሠራል፤ ከ110 ካለፈ በዚያ ቦታ ራውተር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ልዩነቱ ትንሽ እንዳይመስልዎ፤ 85 እና 105 በሚነበብባቸው ሁለት ቦታዎች መካከል የሚደርሰው ኃይል በመቶ እጥፍ ይለያያል። የቆርቆሮ ጣሪያና ግድግዳ ሲግናልን ስለሚመልስ ከቤት ውጭ 95 የሆነው ውስጥ 110 ሊሆን ይችላል። በተራራው ግርጌ ያሉ መንደሮችም ማማው ቅርብ ሆኖ ሳለ ኮረብታ ከጋረደው ደካማ ሲግናል ይኖራቸዋል።

ልኬቱን በሁለቱም ድርጅቶች ሲም ያድርጉ፤ ሁለተኛው ሲም ከሌለዎት ከጎረቤት ይዋሱ። በቤቱ በእያንዳንዱ መስኮት፣ በግቢው ከፍ ባለው ቦታ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓትና ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ይለኩ። በነዚያው ሰዓቶች ፍጥነቱን ጭምር ይፈትሹ፤ ሲግናሉ ጠንካራ ሆኖ ፍጥነቱ ምሽት ላይ ብቻ የሚወርድ ከሆነ ችግሩ የተጠቃሚ መብዛት ነው፤ አንቴና አያድነውም። ሲግናሉ ራሱ ደካማ ከሆነ ግን ራውተሩን ወደ ማማው በሚያይ መስኮት ማስቀመጥ ወይም የውጭ አንቴና መስቀል ለውጥ ያመጣል። ይህን ለሁለት ሳምንት በደብተር ይመዝግቡ፤ ኔትወርኩ የጠፋበትን ሰዓትና በዚያ ሰዓት መብራት ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለውን ከጎኑ ይጻፉ።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን የሚል ካለ መልሱ የዕቃው ዋጋ ነው። ራውተርና ባትሪ በአብዛኛው ከውጭ የሚገቡ ናቸው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ በኋላ የዶላር ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። አንድ ጊዜ ተሳስቶ መግዛት የብዙ ወር የኢንተርኔት ክፍያ ይበላል።

አራተኛ፦ መብራቱን አስቀድመው ይፍቱ

ከደብተሩ ብዙ ጊዜ የሚወጣው እውነት “ኔትወርክ ጠፋ” ከተባለባቸው ሰዓቶች ብዙዎቹ መብራት የጠፋባቸው ሰዓቶች መሆናቸው ነው። ኔትወርኩ ማማው ላይ እያለ ራውተሩ ብቻ ጠፍቶ ከሆነ መፍትሔው በእጅዎ ነው። የቤት ራውተር ወይም የፋይበር ሞደም የሚወስደው 10 ዋት ገደማ ነው። ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ቢጠቀሙ ራውተሩን አራት ሰዓት ያሠራል። ባለ 12 ቮልት፣ 20 አምፒር ሰዓት የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ቀንና ሌቱን ለመሸፈን ይቀርባል። መብራት ጨርሶ ለሌለበት ቀበሌ 50 ዋት የፀሐይ ፓኔል፣ በቆላው ጠንካራ ፀሐይ፣ ራውተሩን ለ12 ሰዓት ገደማ የሚያቆይ ኃይል በቀን ይሰጣል።

ሦስት ነገር ይጠንቀቁ። መጀመሪያ፣ የራውተሩ ቻርጀር ላይ የተጻፈውን ቮልት ያንብቡ፤ 12 የሚለው አለ፣ 9 ወይም 5 የሚለውም አለ። ባትሪ ሲሞላ ከ12 ቮልት በላይ ስለሚሄድ በቀጥታ ከማገናኘት ይልቅ ቮልቱን የሚያስተካክል ሚኒ ዩፒኤስ ይጠቀሙ። ሁለተኛው ሙቀቱ ነው። የእርሳስ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል፤ ቀወት በሚገኝበት በይፋት ቆላ ከቆርቆሮው ሥር የተሰቀለ ባትሪ በደጋ ካለው እኩል አያገለግልም። ባትሪውንም ራውተሩንም ጥላና ነፋስ ባለበት፣ ከወለሉ ከፍ አድርገው ያስቀምጡ። ሦስተኛው መብራት ሲመለስ የሚመጣው የቮልት መዋዠቅና የክረምት መብረቅ ነው፤ ነጎድጓድ ሲሰማ ራውተሩን ከመብራትም ከውጭ አንቴናም ይንቀሉ።

አምስተኛ፦ ሒሳቡን ይሥሩ

አሁን ሒሳቡ ይቻላል። የወር ክፍያውን ይውሰዱ፤ የዕቃውንና የማስገቢያውን ወጪ በ24 ወር አካፍለው ይጨምሩበት፤ መስመሩ ሲጠፋ በስልክ የገዙትን ጥቅል ዋጋ ይደምሩበት። ድምሩን በሚያስፈልግዎ ጊዜ በሠራባቸው ሰዓቶች ያካፍሉ። ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የተወሰዱ ቁጥሮች እነሆ፤ በቀን አምስት ሰዓት፣ በወር 150 ሰዓት የሚያስፈልገው ቤት ይኑር። የመጀመሪያው አማራጭ በወር 900 ብር ነው፤ የዕቃው ድርሻ 150 ብር ሲጨመር 1,050 ይሆናል። ከ150ው ሰዓት የሠራው 84 ከሆነ ሰዓቱ 12 ብር ከ50 ወጣ። ሁለተኛው አማራጭ በወር 1,200 ብር፣ የዕቃ ድርሻው 225፣ የባትሪው ድርሻ 75፣ በድምሩ 1,500 ብር ነው፤ የሠራው 135 ሰዓት ከሆነ ሰዓቱ 11 ብር ገደማ ነው። በወር 450 ብር የሚበልጠው አማራጭ በሰዓት ሲታይ ረከሰ። ደብተሩ የመጀመሪያው አማራጭ በአብዛኛው የጠፋው በመብራት ምክንያት መሆኑን ካሳየ ደግሞ፣ ለእርሱም የ75 ብሩን ባትሪ ጨምረው የሚሠራበት ሰዓት 125 ሲደርስ ሰዓቱ 9 ብር ይሆናል። ድርጅት ከመቀየር ባትሪ መግዛት በለጠ።

በዚህ ሒሳብ ውስጥ የራስዎን ቁጥር ያስገቡ፤ የዛሬውን ታሪፍ ከሽያጭ ማዕከሉ፣ በኢትዮ ቴሌኮም *999# ወይም በሳፋሪኮም *777# ብለው ይውሰዱ። ታሪፍ ይለዋወጣል፤ ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በከፍተኛ መጠን ቀንሶ ነበር፤ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ደግሞ ጨምሯል። “ያልተገደበ” የሚባለውን ሲያወዳድሩ የአጠቃቀም ጣሪያ አለው ወይ፣ ካለፈስ ፍጥነቱ ወደ ስንት ይወርዳል ብለው ይጠይቁ። የዚህን ጥቅል ዋጋ፣ በተገደበው ጥቅል ለአንድ ጊጋ ባይት በሚከፍሉት ሲያካፍሉ የሚመጣው ቁጥር በመጀመሪያው እርምጃ ካሰሉት ፍላጎት ከበለጠ፣ ያልተገደበው አያስፈልግዎትም።

ስድስተኛ፦ ተጠባባቂው በእርግጥ የተለየ ይሁን

ሁለት መስመሮች እያንዳንዳቸው ከመቶ 90 ጊዜ ቢሠሩና የሚጠፉበት ምክንያት የተለያየ ቢሆን፣ ሁለቱም አብረው የሚጠፉት ከመቶ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ምክንያቱ አንድ ከሆነ ግን ሁለተኛው መስመር የሚጨምረው ነገር የለም። ሳፋሪኮም የራሱን ማማዎች ከማቆም ሌላ ከኢትዮ ቴሌኮም ማማና የማስተላለፊያ መስመር ይከራያል፤ ስለዚህ ሁለት ሲም መያዝ ሁልጊዜ ሁለት መንገድ መያዝ አይደለም። የማማው ባትሪ አልቆ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ካጣ በዚያ ማማ ላይ ያሉት ሁሉ ይጠፋሉ። በደብተርዎ ላይ ሁለቱ ሲሞች አብረው የሚጠፉ ከሆነ፣ ለሁለተኛው ወርሃዊ ጥቅል አይግዙ፤ በትንሽ ሒሳብ ብቻ ያኑሩት። የተሻለው ጥምረት አንዱ በመሬት የመጣ መስመር፣ ሌላው በአየር የሚመጣ ሲግናል ሲሆን ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል፤ “ከላይ ሲዘጋ ሁሉም እኩል ነው፤ ታዲያ ማወዳደሩ ምን ይረባል?” ተቃውሞው መሠረት አለው። በሰኔ 2011 እና በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ተቋርጧል። በአማራ ክልል ደግሞ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የተዘጋው የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቆይቷል። ሸዋ ሮቢት በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት በደረሰባት ጊዜ ደግሞ የመብራቱም የመንገዱም ችግር ተደራርቦባታል። ይህን የቤት ባትሪም ሁለተኛ ሲምም አይፈታውም። ነገር ግን ከዚህ ሁለት ተግባራዊ ትምህርት ይወጣል። መስመር ለወራት ሊዘጋ በሚችልበት አካባቢ ለሦስት ወይም ለስድስት ወር አስቀድሞ መክፈል ቅናሹ ቢያጓጓም አደጋው የገዢው ነው፤ አጭር ጥቅል ይምረጡ። ለትምህርትና ለሥራ የሚያስፈልገውንም መስመር ባለ ጊዜ አውርዶ ማስቀመጥ ይልመዱ። ደግሞም መዘጋት ከሚያጋጥሙት መቆራረጦች አንዱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ፣ ማለትም መብራት፣ ደካማ ሲግናልና የምሽት መጨናነቅ፣ በየሳምንቱ አሉ፤ እነርሱን መቀነስ ይቻላል።

ሌላው “ሳተላይት እስኪመጣ ልጠብቅ” የሚለው ነው። ስታርሊንክ የተባለው የሳተላይት ኢንተርኔት በጎረቤት ኬንያ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራል፤ ሳተላይቶቹ በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚዞሩ 36,000 ኪሎ ሜትር ላይ ካሉት የቀድሞዎቹ ይልቅ ምላሻቸው ፈጣን ነው። በኢትዮጵያ ግን የቴሌኮም አገልግሎት መስጠት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱ መኖሩን ሳያረጋግጡ የመቀበያ ሳህኑን በጓደኛ በኩል ማስመጣት ዕቃውን ለመወረስ ማጋለጥ ነው። ፈቃድ ቢገኝ እንኳ ሳህኑ ከራውተር ብዙ እጥፍ ኃይል ይወስዳል፤ ማለትም የአራተኛውን እርምጃ ጥያቄ አክብዶ ይመልሰዋል።

ሰባተኛ፦ ሲዋዋሉና ሲያማርሩ

ከመፈረምዎ በፊት ማስገቢያው ስንት ቀን ይወስዳል፣ ሞደሙ የማን ነው፣ መስመሩ ለቀናት ቢጠፋ ክፍያው ይካካሳል ወይ፣ ቤት ብቀይርስ ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይያዙ። ብልሽት ሲኖር ለኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ለሳፋሪኮም 700 ደውለው የቅሬታ ቁጥር ይቀበሉ፤ የደብተርዎ መዝገብ እዚህ ላይ ዋጋ ያወጣል፤ “ሁልጊዜ ይጠፋል” ከሚል አቤቱታ ይልቅ ቀንና ሰዓት የተጻፈበት መዝገብ መልስ ለመንፈግ ያስቸግራል። ድርጅቱ ካልፈታው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑ አቤት ማለት ይቻላል። ፋይበር ከአስፋልቱ ወደ ሠፈርዎ እንዲገባ ከፈለጉ ደግሞ ብቻዎን አይጠይቁ፤ የሃያ ቤት ስምና ፊርማ ያለበት ማመልከቻ ድርጅቱ ወጪውን እንዲያሰላ ምክንያት ይሰጠዋል። ከአንድ መስመር ለመንገደኛ ሁሉ ዋይፋይ መሸጥ ግን ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ሳይጠይቁ አይጀምሩት።

ለማጠቃለል፦ ፋይበር ደጅዎ ከደረሰ ፋይበሩን ከሚኒ ዩፒኤስ ጋር ይያዙ፤ ሲም ካርዱን ለተጠባባቂነት ያኑሩ። ከአስፋልቱ ከራቁና ሲግናልዎ ከ100 ካላለፈ የፎር ጂ ራውተርና የፀሐይ ባትሪ ይበቃዎታል። ሲግናልዎ ከ110 ካለፈና የውጭ አንቴናም ካላሻሻለው፣ ራውተር የሚሸጥልዎትን ሰው አይስሙ፤ በሆትስፖትና በትንሽ ጥቅል ይቆዩ፤ ማማ እንዲቆም ከቀበሌዎ ሰው ጋር ሆነው ይጠይቁ። በየትኛውም ሁኔታ ግን መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ይመዝግቡ፤ ከዚያ ይክፈሉ።